በታሰሩት መማል

በአቴንስ ያረጀና የፈዘዘ ሰው ሲታይ «አንተ ክሮኖስ!» ይባላል። ክሮኖስ የአማልክት ንጉሥ የዜውስ አባት ነው፤ ከወንድሞቹ ከቲታኖች ጋር ዓለምን ሲገዛ ኖሮ፣ የገዛ ልጁ ገልብጦ ከነወንድሞቹ እንጦሮጦስ አሰረው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ስሙ መሳለቂያ ሆኖ ቀረ። ሸክላ ሠሪውን ባሪያ ማኔስንም ጥርሱ ካለቀ ወዲህ ሰፈሩ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። እሱም «አቤት» ይላል። ምን ያድርግ?

ያም ሆኖ በዓመት አንድ ቀን፣ አዝመራው ሲገባ፣ የክሮኖስ በዓል ይከበራል። በእሱ ዘመን ጌታም ባሪያም አልነበረም ይባላል። ስለዚህ በዚያ ቀን ባሪያ ከጌታው እኩል ቀርቦ ይበላል፣ ያሻውንም ይናገራል። ጌቶች ወይን ይቀዳሉ፤ ባሮች «ኧረ ውሃ አበዛችሁበት!» እያሉ ያላግጣሉ። በማግስቱ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል።

የዘንድሮው ማግስት ግን ለማኔስ ከሞት አይሻልም ነበር። ጌታው ኤውቲዲኮስ የማኔስን አንድዬ ልጅ፣ ሸማኔዋን ሚርታሌን፣ ለኪዮስ ደሴት ነጋዴ ሊሸጥ ተስማምቷል። ነጋዴው ጠዋት ይመጣል። መርከቡ አንዴ ከተነሣ አባትና ልጅ ዳግመኛ አይተያዩም። በበዓሉ ማዕድ የበግ ጥብስ ፊቱ ቀርቦ ሽማግሌውን አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ አለው።

ኤውቲዲኮስ የወይን ማሰሮ ይዞ መጣ። ሞቅ ብሎታል።

«አንተ ክሮኖስ! ዛሬ ያንተ ቀን አይደል? ምን ያስኮርፍሃል? የፈለግኸውን ጠይቀኝ እንጂ!»

«ልጠይቅዎት ጌታዬ?»

«ጠይቅ!»

«ሚርታሌን ነጻ ያውጡልኝ።»

ሚርታሌ የቆረሰችውን ዳቦ እንደያዘች ቀረች። ኤውቲዲኮስ ለበዓሉ የጠራቸውን ጎረቤቶቹን ዞር ብሎ አየ። እምቢ ቢል በበዓል ቀን ስስታም ሊባል ነው፤ እሺ ቢል ገበያው ሊቀርበት ነው። አሰብ አደረገና አንድ ተንኮል መጣለት።

«እሺ! ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ናት!»

«ይማሉልኝ።»

ዜውስን ጠርቶ መዋሸት አይሞከርም፤ መብረቁ ቅርብ ነው። ኤውቲዲኮስ ለጎረቤቱ ለሊሲስ ዓይኑን ጠቀሰና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«በክሮኖስ! እታች እንጦሮጦስ በታሰሩት ቲታኖች ሁሉ እምላለሁ! ቃሌን ካጠፍኩ ይምጡና ይጠይቁኝ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «እግር ብረታቸውን እየጎተቱ ይመጡልሃል!» አለ ሊሲስ እንባውን እየጠረገ። በታሰረ አምላክ የተማለ መሐላ ማንን ያስራል? ሚርታሌ አቀረቀረች።

ማኔስ ግን ተነሣ። ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ እማኞች ናችሁ። እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ። ሰው በአማልክት ይምላል። አማልክትስ በማን ነው የሚምሉት?»

ጣቱን ወደ መሬት ቀሰረ።

«ሄራ፣ የዜውስ ሚስት፣ የእንቅልፍን አምላክ ስትለምነው ‹ካልማልሽልኝ አላምንሽም› አላት። በአንድ እጇ ምድርን፣ በሌላው ባሕርን ይዛ ማንን ጠራች? ባሏን? የለም! እታች ያሉትን ቲታኖች ነው! ዜውስ እንደሆነ ሺህ ሰው ነው የሚምልበት፤ ሥራ ይበዛበታል፣ ይረሳል። እነሱ ግን ታስረው ተቀምጠው ምን ሥራ አላቸው? ዛሬ የሰሙት ይቺኑ የጌታዬን ቃል ነው።»

ሳቁ ቆመ። የኤውቲዲኮስ ሚስት ክሌይቶ ስምንት ወሯ ነበር፤ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። የሐሰት መሐላ ልጅ ላይ እንደሚወርድ የማያውቅ አቴናዊ የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ?»

«ቀልድ እኮ ነው!»

«ጠራሃቸው እኮ! ይምጡ አልክ እኮ በአፍህ!»

ኤውቲዲኮስ ወደ ሊሲስ ዞረ። ሊሲስ ጽዋውን አስቀመጠ። «እኔ ሰምቻለሁ ወንድሜ። ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኤውቲዲኮስ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ግቢው መሠዊያ ሄደ፣ ወይን አፈሰሰ፣ የሚርታሌን እጅ ይዞ በሰው ሁሉ ፊት «ይህች ሴት የማንም አይደለችም» አለ። ባሮቹ ቤቱን በእልልታ አናጉት። ሚርታሌ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ደስታ ነው፣ እንዴት አታለቅስ!

ጠዋት ነጋዴው መጣና በር ላይ አገኛት። ከላይ እስከ ታች አያት።

«ጨርቅሽን ያዢና እንሂድ።»

«ማንን ነው?»

«አንቺን ነዋ!»

«ተሳስተሃል ወንድሜ። እኔ ወደ ገበያ ልሄድ ነው፤ መንገዱን ልቀቅልኝ።»

ለቀቀላት።

ማኔስ ከሸክላ መሽከርከሪያው ኋላ ሆኖ ሰማ። ሳቁ ከሆዱ ገንፍሎ እጁን አናወጠው፤ ሊያልቅ የደረሰው ገንቦ ተጣመመና ተደፋ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያበላሸው የመጀመሪያ ዕቃ ነበር። ጌታው ቆሞ አየው፣ እሱም ጌታውን አየው፣ ሳቁን ግን አላቆመም።