ሚዛን ይዞ ሊፍት መሳፈር

ነርሷ አርባዎቹን ተሻግራለች። ሆስፒታሉ ወደ ራጅ ክፍል ሊያዛውራት ቢፈልግም፣ ኮሌጁ «መጀመሪያ ፊዚክስ እለፊ» አላት። እሷም ፎርሙላ ሽምደዳዋን ተያያዘችው። መስታወቱ ላይ ለጠፈች፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች። ባሏ ወተት ሊያወጣ በሄደ ቁጥር ስለሚወድቅ ድንጋይ አንብቦ ይመለሳል። በመጀመሪያው ፈተና ከሃያ አምስት ስድስት አመጣች።

ሁለተኛው ፈተና ሳምንት ሲቀረው የእህቷ ልጅ ልትጠይቃት መጣች። ልጅቷ የሂሳብ አስተማሪ ናት። አንድ ነገር ከያዘች ስለማትለቅ ቤተሰቡ «ነገረኛዋ» ይላታል። ማቀዝቀዣውን ከላይ እስከ ታች አየችውና ሳቋ መጣ።

«አክስቴ፣ እነዚህ ሁሉ እኮ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ካልኩለስ ብትይዢ አንዷን አውቀሽ ሌሎቹን ራስሽ ታወጫቸዋለሽ።»

«ካልኩለስን እዚህ ቤት እንዳታነሺብኝ። ተማሪ ሆኜ ነው የተጣላነው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ምን እንደሚፈልግ ነግሮኝ አያውቅም።»

ነገረኛዋ ትንሽ አሰበችና ከአልጋው ስር ሚዛኑን ጎትታ አወጣች። ሰው የሚመዘንበት፣ ባለ ቀስት አሮጌ ሚዛን ነው። እሱን በብብቷ፣ አክስቷን በክንዷ ይዛ ወደ ሊፍቱ ሄደች። ቤታቸው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ውጪበት፤ ዓይንሽን ከቀስቱ ላይ እንዳትነቅዪ።»

ነርሷ ወጣች፤ ሰባ ኪሎ። ሊፍቱ መውረድ ሲጀምር ቀስቱ ወደ ስድሳ ሦስት ተንሸራተተ፤ ወዲያው ተመልሶ ሰባ ላይ ቆመ። ምድር ቤት ሊደርሱ ሲሉ ደግሞ ሰባ ሰባት ገባ።

«ድገሚው» አለች ነርሷ።

ወጡ፣ ወረዱ። በሦስተኛው ዙር ነርሷ በእጇ አፏን ያዘች።

«መሀል ላይ፣ በደንብ ስንሮጥ፣ ሚዛኑ ዝም ይላል። የሚነቃው ስንጀምርና ስንቆም ነው።»

«ሚዛኑ ፍጥነት አያውቅም። የሚያውቀው የፍጥነትን ለውጥ ነው። ዴሪቬቲቭ ማለትም ይኸው ነው፤ ይሄ ነገር አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ በምን ያህል እየተቀየረ ነው ብሎ መጠየቅ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ታዲያ አስተማሪዎቼን ያን ሁሉ ጠመኔ ምን አስጨረሳቸው?»

ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመና ልብስ ሰፊው ኮት በክንዱ አንጠልጥሎ ገባ። ሚዛን ላይ የቆመችውን ጎረቤቱን አየ።

«ሲስተር፣ ክሊኒኩ እዚህ ተዛወረ እንዴ?»

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይውጡበት።»

ልብስ ሰፊው ሰውነቱ ሞላ ያለ ነው። ሊፍቱ ወደ ታች ሲነሳ ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰ፤ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ግን ቀስቱ ተመለሰበት።

«ምነው፣ ገና ሳልጠግበው?»

«ስንወርድ የሚቀንሰው ፍጥነቱ ሲጨምር ብቻ ነው» አለች ነርሷ።

«እንግዲያው እየጨመረ ይውረድልኛ።»

«እየጨመረ፣ እየጨመረ የሚወርድ ነገርማ…» ነርሷ አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ድንጋዩ ነው። ማቀዝቀዣዬ ላይ ያለው ድንጋይ ነው። ፍጥነቱ ሁልጊዜ በእኩል ልክ እየጨመረ ነው የሚወድቀው!» ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ልብስ ሰፊውንም ያዘው፣ ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ።

ነገረኛዋ ጉዳዩን ገለበጠችው። «አሁን በሚዛኑ ብቻ ቤታችሁ ከመሬት ስንት ሜትር እንደሚርቅ ንገሪኝ።»

በስልክ ቀስቱን እየቀረጹ ከምድር ቤት እስከ ስድስተኛ ወጡ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቪዲዮውን በግማሽ በግማሽ ሰከንድ ቆራረጡት። ቀስቱ ከሰባ ኪሎ ምን ያህል እንደራቀ አይተው የፍጥነቱን ጭማሪ አወጡ፤ ጭማሪውን ደምረው ፍጥነቱን አገኙ፤ በየቁራጩ የተሄደውን ደምረው ርቀቱን።

«ይሄ ኢንተግራል ነው» አለች ነገረኛዋ።

«ይሄማ ግሉኮስ ነው» አለች አክስቷ። «በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ አያለሁ፣ አንዳንዴ አፈጥነዋለሁ፣ አንዳንዴ አዘገየዋለሁ፤ ማታ ግን በሽተኛው ውስጥ ስንት እንደገባ ደምሬ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙን ሳላውቅ አብሬው ኖሬያለሁ ማለት ነው?»

ድምሩ አሥራ ስምንት ሜትር ተኩል ላይ ወጣ። ልብስ ሰፊው እውነት መሆኑን ካላየሁ አላምንም ብሎ ክርና ሜትሩን አመጣ። በስድስተኛው ፎቅ የደረጃ መስኮት መቀስ የታሰረበት ክር ቁልቁል ለቀቁ፤ የሕንፃው ዘበኛ ከታች «ነካ፣ ነካ» አለ። ክሩን ስበው ለኩት፤ አሥራ ስምንት ሜትር ከሁለት ስንዝር። ነርሷና ልብስ ሰፊው እንደ ሕፃን እጅ ለእጅ ተያይዘው ዘለሉ።

ባሏ ከሥራ ሲመለስ ሊፍቱ በር ላይ ጎረቤት ተሰልፎ አገኘ።

«ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመ» አለው ዘበኛው። «ሚስትህ ሰው እያከሳች ነው።»

እሱም ተሰለፈ።

ፈተናው ላይ ፍጥነቱ እየተለዋወጠ የሚሄድ መኪና መጣላት። የሸመደደችው ፎርሙላ አንዱም አይሠራለትም። ቆራረጠችው፣ ደመረችው፣ እየሠራች ፈገግ ስትል ፈታኙ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ መጥቶ አየ። ከሃያ አምስት ሃያ አንድ አገኘች።

ለእህቷ ልጅ ደውላ፣ «ቀጥሎ ምንድን ነው የምንማረው?» አለቻት።

«መወዛወዝ» አለች ነገረኛዋ። «የልጆች ዥዋዥዌ ያለበት ቦታ ታውቂያለሽ?»

«ጫማዬን እያደረግኩ ነው» አለች ነርሷ።