የሕንፃው ትርፍ

ሥራው አክሲዮን መመዘን ነው። «ግዙ» ያለውን ደንበኞች ይገዛሉ፤ «ተዉት» ያለውን ይተዋሉ። በዚያ ሰሞን ለመመዘን የያዘው ውድ የሴት ቦርሳ የሚሠራ ስመ ጥር የፋሽን ኩባንያ ነበር። የአንዱን አክሲዮን ዋጋ ለአንድ አክሲዮን በሚደርሰው የዓመት ትርፍ ሲያካፍለው አሥራ ሁለት መጣለት። የመሰል ኩባንያዎች ሃያ ሁለትና ሃያ አምስት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አክሲዮኑ ርካሽ ነው። «በነፃ እኮ ነው!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

አጠገቡ የምትሠራው የመረጃ ሠራተኛ ግን ከኩባንያው የሒሳብ ሪፖርት ግርጌ ያለች ደቃቅ ማስታወሻ በቢጫ ቀለም አስምራ ሰጥታው ነበር። ከትርፉ ግማሹ የመጣው አሮጌ ሕንፃ ተሸጦ ነው ትላለች ማስታወሻዋ። ሕንፃ ደግሞ በየዓመቱ አይሸጥም። ያንን ቀንሶ ቢያሰላ ሃያ አራት ይመጣበታል፤ ርካሽ የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን ለአለቃው «አግኝቻለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ገጹን ገልጦ አለፈና «ግዙ» ብሎ ጻፈ።

እሑድ ያሳደገችው አክስቱ ዘንድ ሄደ። ቆዳ ጠጋኝ ናት፤ ስለ ቦርሳው ኩባንያ አጫወታት።

«የእነዚያ ሰዎች ቦርሳ ዘንድሮ እኔ ጋ በዝቷል» አለችው። «ስፌቱ ዓመት አይሞላም። ለመሆኑ ትርፉ ከቦርሳው ነው?»

«አክስቴ ደግሞ! ይሄ የመርፌና የክር ጉዳይ አይደለም» አላት እየሳቀ።

እሷ ክሯን በጥርሷ በጥሳ ሥራዋን ቀጠለች።

በሦስተኛው ወር የኩባንያው አዲስ ሒሳብ ወጣ። ትርፉ አሽቆልቁሏል፤ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ጠዋት ተንኮታኮተ። አለቃው ሁሉንም ሰብስበው ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«ይህን ማስታወሻ ያላየው ማነው?»

«ቁጥሩ ከመረጃ ክፍል የመጣልኝ እንደዚያ ሆኖ ነው» አለ። ከአፉ አፈትልኮ ወጣ።

የመረጃ ሠራተኛዋ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችውና አንገቷን ደፋች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውም ለእሷ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ አጠገቡ ስትተነፍስ እንኳ ፊቱ ይቃጠላል። በሦስተኛው ቀን አክስቱ በር ላይ ቆመ።

«ጉድ ሠራሁ፣ አክስቴ» ብሎ ሁሉንም ዘረገፈላት።

«ሰው ይሳሳታል፣ የኔ ልጅ።»

«አልተሳሳትኩም። አይቼዋለሁ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ እኔ ጋ ምን ልትሠራ መጣህ? አይዞህ እንድልህ? አልልህም።»

በማግስቱ ሴትዮዋን አስከትሎ አለቃው ቢሮ ገባ። «ማስታወሻውን ያሰመረችልኝ እሷ ናት። እኔ አይቼ ዘልዬዋለሁ» አለ። አለቃው የሴትዮዋን ደብዳቤ ቀደው ጣሉ፣ እሱንም ከምዘና ሥራ አነሡት። በዚያ ላይ ለደንበኞቹ ሁሉ ራሱ እየደወለ ጥፋቱን እንዲነግራቸው አዘዙት።

ኮሪደሩ ላይ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

«ደብዳቤው መቀደዱ ደግ ነው» አለች። «ያን ቀን ልጆቼ ፊት እንዴት ሆኜ እንደገባሁ ግን አንተ አታውቀውም።» ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ዳር ተዛወረች።

መጀመሪያ የደወለላቸው ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ።

«ግዙ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ቆይ፣ የጻፍክልኝን ወረቀት ላምጣው።»

ጆሮው እስኪግል ስልኩን ይዞ ጠበቃቸው።