መቱ ለቡሬ ዝቅ ያለችባቸው ስድስት ቮልቶች

በ1958 ዓ.ም. ለመቱ ስልክ ቤት አዲስ መሣሪያ መጣለት። ከዚያ በፊት ወደ ቡሬ በተዘረጋው ጥንድ ሽቦ አንድ ሰው ሲያወራ የቀረው ከተማ ደጅ ቁጭ ብሎ ተራ ይጠብቅ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ግን በዚያው ጥንድ ሽቦ ሦስት ንግግር በአንድ ጊዜ ያሳልፋል፤ አንዱን በወፍራም፣ አንዱን በመካከለኛ፣ አንዱን ጆሮ በማይደርስበት ቀጭን ድምፅ ላይ አሳፍሮ።

የስልክ ቤቱ መካኒክ ነመራ ሰቦቃ ገና ገጥሞ ሳይጨርስ አንድ ችግር አየ። የመቱው መሣሪያ ሁለቱንም ሽቦዎች ከመሬት በላይ አሥራ ሁለት ቮልት ላይ ያስቀምጣቸዋል። አሮጌው የቡሬ መሣሪያ ደግሞ ከስድስት በላይ አይችልም። ነመራ አልተጨነቀም። ድምፁ ያለው በአሥራ ሁለቱ ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ባለችው ትንሽ ልዩነት ውስጥ መሆኑን ያውቃል። ሁለት ሰዎች በአጠና ላይ የማር ገንቦ አንጠልጥለው ቁልቁለት ቢወርዱ፣ እኩል እስከወረዱ ድረስ ማሩ አይፈስም። እሱም ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ስድስት ቮልት የምታወርድ፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ ሳታጎድል የምታሳልፍ ትንሽ ሳጥን በሁለት ሳምንት ሠራ።

የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር። ምሰሶውን አቁመው ስልኩን ያስገቡት የከተማው ትልልቅ ሰዎች ማኅበር አላቸውና፣ ያለ እነሱ ማኅተም መስመሩ አይነካም። ነመራ አንድ መስመር ጻፈ፦ «የመቱን ልክ ለቡሬ እንዲመች በስድስት ቮልት ዝቅ ለማድረግ ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ወንድይራድ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ነመራ፣ አንተ የመቱ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በምን አንጀትህ ነው ከተማህን ለቡሬ ዝቅ የምታደርጋት?»

«ከተማዋን አይደለም፣ ሽቦውን ነው።»

«ሽቦው የማን ነው?»

«የመቱ።»

«አየህ» አሉ አቶ ወንድይራድ። «ቡሬ ራሷ ለምን ከፍ አትልም?»

«መሣሪያዋ ይቃጠላል።»

«ይቃጠላ። ከፍ ማለት መቼ ያለ መከራ ሆኖ ያውቃል?»

ወሬው በገበያ ቀን ጎረቤት ከተማ ሁሩሙ ደረሰ። በማግስቱ አቶ ጅራታ የሚባሉ ሽማግሌ ስምንት ሰዎች አስከትለው መጡና የሁሩሙ ልክ ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ነመራ ሁሩሙ ገና ስልክ እንዳልገባላት በትሕትና አስረዳቸው።

«እሱስ ሲመጣ ይመጣል» አሉት አቶ ጅራታ። «ልካችን ግን ከአሁኑ ይታወቅ።»

ማኅበሩ ግማሽ ቀን ተከራክሮ ለሁሩሙ ዘጠኝ ቮልት ፈረደላት፤ ከመቱ በታች፣ ከቡሬ በላይ። ባለሙያው ይፈርም ተባለ። ነመራ የሌለ ሽቦ ዘጠኝ ቮልት መሸከም አያቅተውም ብሎ ፈረመ። የሁሩሙ ሰዎች እየዘፈኑ ተመለሱ። በሳምንቱ ከሌላዋ ጎረቤት ከተማ የኖፓ ሰዎች መጥተው ዘጠኝ ተኩል ቮልት ጠየቁ።

በመጨረሻ አቶ ወንድይራድ ሁሉን የሚያስማማ ሐሳብ አመጡ፤ አንደኛው ሽቦ ለመቱ ክብር አሥራ ሁለት ላይ ይቅር፣ ሁለተኛው ለቡሬ ሲባል ስድስት ይውረድ። ነመራ ስለ ማሩ ገንቦ ነገራቸው። አንዱ ተሸካሚ ብቻ ጉድጓድ ቢገባ ምን እንደሚሆን በእጁ አዘንብሎ አሳያቸው።

«ማሩ የመቱ ነው የቡሬ?» ብለው አቶ ወንድይራድ ጠየቁት።

ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ነመራ ስህተት መሆኑን እያወቀ፣ ከማኅበሩ ደብዳቤ አንዲት ፊደል ሳያጎድል ሽቦውን በየደው። እንደዚያን ቀን በገዛ እጁ አፍሮ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት መስመሩ ተከፈተ። አቶ ወንድይራድ ስለ መቱ ክብር ለቡሬ ሹም ንግግር ሲያደርጉ፣ በዚያው ሰዓት በዚያው ሽቦ ላይ በሌላው ድምፅ እትዬ ጥሩነሽ የምትባል ነጋዴ ከቡሬ በቅሎ ሻጭ ጋር ትዋዋል ነበር። ሚዛኑ የተዛባው የቡሬ መሣሪያ ሁለቱን ንግግር አንድ ላይ ፈጨው። እዚያ የተሰማው «መቱ ከጥንት ጀምሮ ጥርሷ ያልተነካ፣ ለማንም ጀርባዋን ያላጎነበሰች፣ ጭነት የምትችል…» የሚል ነበር። ከቡሬም «ተስማምተናል፣ እንልካለን» የሚል መልስ መጣ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ወንድይራድ ደጅ ላይ አንዲት ቀይ በቅሎ ታስራ ተገኘች። እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ የቡሬ ሹም ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ደረሳት፦ «ከፍታዎን በአክብሮት ተቀብለናል።» ደብዳቤው ላይ ኮርቻ መጫን ስላልቻለች ልታመለክት መጣች።

አቶ ወንድይራድ በቅሎዋን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ነመራን አስጠሩት።

«ይህች በቅሎ ከየትኛው ሽቦ ነው የመጣችው?»

«ከሁለቱ ልዩነት ነው፣ ጋሼ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «በል ሁለቱንም አውርዳቸው። ግን ‹ዝቅ› የሚል ቃል ወረቀት ላይ እንዳላይ።» ቃለ ጉባኤውም «ቡሬ ባለችበት እንድትቆይ መቱ ፈቅዳለች» ተብሎ ተጻፈ።

ነመራ በዚያው ከሰዓት በኋላ ሳጥኗን ገጠመ፤ ሁለቱም ሽቦዎች እኩል ወርደው ስድስት ላይ ቆሙ። ወደ ቡሬ ደወለ። ያነሳችው የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ዲሪቤ ነበረች፤ አራት ዓመት አብረው ሲሠሩ በጩኸትና በፉጨት መሐል እንጂ ተሰማምተው አያውቁም።

«ይሰማል?» አላት።

«ኤዬ፣ በደንብ ይሰማል፣ ጋሼ ነመራ። ሲተነፍሱ እንኳ ይሰማል። እኔ እኮ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር።»

ነመራ ሳቀ፤ ሳቁ ቡሬ ሲደርስ፣ የእሷም ሳቅ ሳይጎድል ሲመለስ ሰማ። ጆሮውን ከስልኩ ሊነቅል አልወደደም።

«ጋሼ ነመራ» አለች ዲሪቤ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «የቡሬ ሰዎች ስብሰባ ተቀምጠዋል። ሁሩሙ ዘጠኝ ሆና እኛ ስድስት አንሆንም ይላሉ።»

ነመራ ዞር ብሎ ሳጥኗን አየ።

«ከዛሬ ጀምሮ ወደ አሥር ቮልት ከፍ ብላችኋል በያቸው» አላት። መሣሪያውን ግን አልነካውም።