የቀጭኗ ክር ሞት

መርፌ ጊታር ሲመርጥ በኤሌክትሪኩ አይጀምርም። ኬብሉን ሳይሰካ፣ መንጋጋውን ከጊታሩ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ክሮቹን አንድ በአንድ ይነካል። ድምፁ በእንጨቱ አልፎ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። «እንጨቱ ዝም ካለ ኤሌክትሪኩ ምን ያደርጋል?» ይላል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የባንዱ ሰዎች ናቸው፤ ቀጭኗን ክር ሲነካት የሚወጣው ድምፅ እንደ መርፌ ስለሚወጋ።

ያን ቀን ጠዋት እህቱን አስከትሎ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች ወደተደረደሩበት መንገድ የሄደው አማቹ ልኮት ነው። አማቹ፣ ማለትም የእህቱ ባል፣ የባንዱ አለቃ ነው፤ ቤዝ ይጫወታል። ባንዱ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ጋር ሊፈራረም ተቃርቧል።

«ጊታርህ ታማለች፤ ጆሮ ትበሳለች» አለው አለቃው። «እኛ ጋ ተዋት፣ ቴክኒሻን ያያታል። አንተ ለሆቴሉ የምትሆን ደህና ጊታር ፈልግ። የተስማማችህን ስታገኝ ጥራኝና እንገዛታለን።»

ለሚስቱ ደግሞ፣ «አብረሽው ዙሪ፤ ብቻውን ከሆነ ከሻጭ ጋር ይጣላል» አላት።

መርፌ አልከፋውም። ጊታሯ መታመሟን እሱ ራሱ ከማንም በፊት ተናግሯል፤ ቀጭኗ ክር ደንዝዛበታለች። የሆቴሉ ሥራ እንዳያመልጠው ብቻ ነው የሚፈራው። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለውም፤ ሆቴሉ ካመለጠው በዚህ ዕድሜው ማን እንደሚቀጥረው አያውቅም።

የመጀመሪያው ሱቅ ጠባብ ነበር። ጊታሮቹ በአንገታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው «ሳይጠይቁ መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መርፌ አንዲት ቀይ ጊታር አስወረደ። መንጋጋውን አሳረፈባት፣ ነካካት፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሚጢ፣ ይቺ ነፍስ አላት» አለ ወደ እህቱ ዞሮ።

«እስቲ ሰክተህ ሞክራት፣ ጋሽዬ።»

ሰካት። ትንሽ እንደተጫወተ ፊቱ ጠቆረ። ወደ አምፕሊፋየሩ ጎንበስ ብሎ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው። ከበሮ ስታማርጥ የነበረች ሴት ጆሮዋን ይዛ ወጣች።

«ወንድሜ!» አለ ሻጩ። «ጊታር ነው የምትሞክረው ወይስ ጥርስ ነው የምትነቅለው?»

«ቀጭኗ ክር ሞታለች።»

«ሞታለች? ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ እኮ ደንግጦ ሰው ሊቆርጥ ነው!»

«አንተ መሸጥ እንጂ መስማት አታውቅም።»

«ዛሬ የሰማሁትንስ ለጠላቴም አይስጠው!»

እህቱ ሳቋን አፍና ክንዱን ይዛ አወጣችው።

ሁለተኛው ሱቅ ባለ ፎቅ ነበር፤ ለመሞከሪያ በመስታወት የታጠረ ክፍል አለው። ሻጩ ትሑት ሰው ነው፤ እዚያ የሚገባ ሁሉ ያንኑ አንድ ዜማ ስለሚጫወት ዜማውን በእንቅልፉም እንደሚሰማው እየሳቀ ነገራቸው። መርፌ ያንን ዜማ አልተጫወተም። ከእንጨቱ ጋር ተግባባ፣ ሰካ፣ ተከፋ፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረ። የሻጩ ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ይቺም ያው ናት» አለ መርፌ። «ዘንድሮ ምን ዓይነት ጊታር ነው የሚሠሩት?»

እህቱ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ከተለያየ ሰው የመጣ ደም ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት ካሳየ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ደሙን አይደለም፤ መሣሪያውን ነው።

ሦስተኛው ሱቅ ሲገቡ ቀድማ አምፕሊፋየሩን አየች፤ የቀጭኑ ድምፅ ቁልፍ መሐል ላይ ነበር። ወንድሟ መሞከር ሲጀምር ከኋላው ቆማ ስልኳ ላይ ሲርርር የሚል ቀጭን ደወል መረጠችና ቦርሳዋ ውስጥ አስጮኸችው። ደጅ ላይ የቆመ ሰው ዞሮ አየ። ባለሱቁ፣ ድምፁ ከደረቱ የሚወጣ ሽማግሌ፣ «እመቤት፣ ስልክሽ» አላት። መርፌ የሽማግሌውን ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ።

«ምን ሆነች?» አለው።

«ስልኳ እየጮኸ ነው።»

«የታለ?»

እህቱ ደወሉን አጠፋችና ወደ ደጅ ወጣች። ባሏ ጋ ደወለች።

«ጊታሯ ምንም አልሆነችም» አለችው። «ጆሮው ነው።»

«ዛሬ ገባሽ?»

«ታውቅ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪም ጋ ሂድ ብንለው የሚሰማን መሰለሽ? ጊታሯን ማማት ቀለለን፤ ጊታር ቢያሟት አይከፋትም።»

«ታዲያ ለምን በየሱቁ ታንከራትተዋለህ? ከንግዲህ የሚስማማው ጊታር አያገኝም እኮ!»

«ይፈልግ እስቲ፤ ምን ቸገረሽ?» አለ ባሏ።

«ለካ እንዳያገኝ ነው» አለች።

«ስሚኝ፣ ፊርማው ይለፍ፤ እኔው ራሴ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። የስንት ሰው እንጀራ ነው።»

«የሱን ቦታ ማን ይዞ ነው የምትፈርሙት?»

«በኋላ እናወራለን» ብሎ ዘጋው።

ስትመለስ ወንድሟ ፊቱ በርቶ ጠበቃት። አንዲት ጥቁር ጊታር አቅፏል፤ መንጋጋው ጠርዟ ላይ ነው፤ ኬብሉ አልተሰካም።

«አገኘኋት፣ ሚጢ! ይቺስ መሰካትም አያስፈልጋት፤ ጥርሴ ድረስ ነው የምትዘፍነው። እኚህ አባት ያቆዩልኛል። ነይ፣ ባልሽን ከልምምድ ቤት ይዘነው እንምጣ።»

«ጋሽዬ፣ ዛሬ ይቅርብን። እቤት ሄደን እናውራ።»

«ምን እናወራለን? ሆቴሉ ይጠብቃል እንዴ?»

አውቶቡስ ውስጥ ልትነግረው ሞከረች። ሞተሩ ያጓራል፤ ከጎናቸው ሁለት ሰዎች ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ። እጁን ያዘችና፣ «የታመመችው ጊታሯ አይደለችም» አለችው።

«ምን?»

ደገመችለት።

«አይሰማም፣ ስንወርድ ትነግሪኛለሽ» አለና ጉልበቱ ላይ ጣቶቹን እያፍታታ መንገዱን ያይ ጀመር። ሲወርዱም አልጠበቃትም።

ልምምድ ቤቱ ከጎማ መሸጫ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ድምፅ እንዳይወጣ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። ደረጃው ላይ ሳሉ እህቱ ሰማችው፤ ከከበሮውና ከቤዙ በላይ ቀጥ ብሎ የወጣ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ። የሚወጋ ድምፅ። እንደዚህ ከሰማችው ቆይታለች። ወንድሟ ከፊቷ በከበሮው ምት እየተራመደ ይወርዳል።

በሩን ከፈተው። በእሱ ወንበር ላይ አንድ ራሱን የተላጨ ሰውዬ ተቀምጦ የእሱን ጊታር ይጫወታል። ሙዚቃው ቆመ።

«አማቼ፣ ሳትደውል?» አለ አለቃው፣ ሚስቱን እያየ።

መርፌ አለቃውን አላየውም። የተላጨውን ሰውዬ ነበር የሚያየው፤ ፊቱ ላይ ቁጣ ሳይሆን ኀዘኔታ ነበር።

«ለእንግዳ ሰው የታመመች ጊታር ይሰጣል? እናንተ ደግሞ አታፍሩም» አለ። «ወንድሜ፣ በከንቱ አትድከም። ቀጭኗ ክር ሞታለች፤ እኔ መላዋን አውቃለሁ።» ጎንበስ አለና ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው። «በል፣ አሁን ንካት።»

ሰውዬው አለቃውን አየ። አለቃው መሬት መሬቱን ያያል።

«ንካት እንጂ!»

ሰውዬው ነካት። ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ጥሎ ጆሮውን ያዘ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ፊቱን አጨማደደ። እህቱ ትከሻዋ ያለ ፈቃዷ ተኮማተረ፤ ለማስተካከል ሞከረች፤ ግን ወንድሟ አይቷት ነበር። ሌሎቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ ተመልሶ እሷን አያት።

«በጣም ትጮኻለች?» አላት።

«በጣም።»

ወደ ወንበሩ ቀረበ። በማያውቀው ሰው ጭን ላይ ጎንበስ ብሎ መንጋጋውን ጊታሯ ጠርዝ ላይ አሳረፈ።

«ድገማት።»

ሰውዬው ቀስ አድርጎ ነካት። መርፌ ድምፁ እስኪያልቅ እንዳጎነበሰ ቆየ።

«ደህና ናት» አለ። «ለካ ምንም አልሆነችም።»

አለቃው ቤዙን አስቀምጦ ቀረበው።

«አማቼ፣ እኔ ልነግርህ ነበር። የትም አትሄድም፣ ከኛው ጋር ነህ፤ መሣሪያ መጫንም፣ መድረክ ማሰናዳትም አለ። ጊታሯ ብቻ . . . እስከ ፊርማው ድረስ ብትቆይልን። እንደሷ ያለ ድምፅ ከየትም አናገኝም።»

መርፌ ኬብሉን ነቀለ። ማንጠልጠያዋን በራሱ እጅ ከሰውዬው ትከሻ ላይ አወረደ።

«ታማለች አላልከኝም?» አለው። «የታመመች ጊታር ለሆቴል አትሆንም።»

ጊታሯን ያለ ቦርሳዋ አንገቷን ይዞ ወጣ። እህቱ ባሏ የዘረጋውን እጅ አልፋ ተከተለችው። ደረጃው መሐል ስትደርስ ጀርባውን እያየች፣ ሁልጊዜ በምትናገርበት ቀጭን ድምፅ፣ «ጋሽዬ፣ እኔ ያወቅሁት ዛሬ ነው። እውነቴን ነው» አለችው።

መውጣቱን ቀጠለ። አልሰማት ይሁን አልመልስላት ብሎ ይሁን፣ ይህን የምትለይበት መንገድ አልነበራትም።