ሰደፍ የሌለው ጠመንጃ

ጠመንጃው ሰደፉ ተነቅሎ፣ ብረቱ ብቻ በዘይት በወየበ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። በአንድ ጎኑ ገና በደንብ ያልተላገ የዋልነት እንጨት ሰደፍ፣ በሌላው ጎኑ ደግሞ ሽጉጥ ላይ እንዳለው ያለ፣ ከጭብጥ የማይበልጥ ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ተቀምጧል። ኦፓል ታኬት እጇን የሰደደችው ወደ እንጨቱ ነበር።

«እሱን ተይው እትዬ» አለ ወንድሟ ሮይስ። «ለዚያ ትከሻሽ የሚበጀው ይኼኛው ነው። ከወገብሽ አጠገብ ይዞ ቃታውን ሳብ ማድረግ ነው፤ ትከሻሽን ዞር ብሎም አያየው።»

«ዳክዬ ከወገብ በተያዘ ጠመንጃ አይመታም።»

«ስለ ዳክዬ ማን አወራ? ብቻሽን የምትኖሪ ሴት ነሽ። በውድቅት በርሽ ቢንኳኳስ?»

«በሬን የሚያንኳኳ አንተ ብቻ ነህ፤ ያውም ቁርስ ፈልገህ።»

ጠመንጃ ሠሪው ጋሼ ኸርሼል ሳቃቸውን በመሐረባቸው ሸፈኑ። ሰማንያን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህ በአርካንሶ የሩዝ አገር በሳቸው እጅ ያላለፈ የዳክዬ ጠመንጃ ጥቂት ነው። ሮይስ ግን አልሳቀም። እጀታውን አንስቶ በመዳፉ ውስጥ ያገላብጠው ጀመር።

ባለፈው ጥር ኦፓል ከጀልባ ስትወርድ በረዶ የያዘው ጣውላ አንሸራቶ ጣላት። ቀኝ ትከሻዋና ከአባቷ የወረሰችው ጠመንጃ ሰደፍ አንድ ላይ ተሰበሩ። ለትከሻዋ ሐኪሞቹ ብሎን አገኙለት፤ ለሰደፉ ግን መላ ጠፋ። ጸደዩንም በጋውንም ሮይስ በመኪናው ወደ ሕክምና ሲያመላልሳት ከረመ። ጣቶቿን ግድግዳው ላይ ሽቅብ እያስኬደች ዓይኗ እንባ ሲያቀር፣ አጠገቧ ቆሞ «በርቺ፣ ለኅዳር ትደርሻለሽ» ይላት ነበር። ኅዳር አደን የሚከፈትበት ወር ነው። ያንን ሁሉ ሕመም የቻለችው በዚያች ቃል ነው።

ኅዳር ሲገባ፣ ውሃ በተኛበት ጫካ ውስጥ አባቷ በሠራው ማድፈጫ ጎጆ ስድስት ሰው ይቀመጣል። ሰባተኛ አይገባም፤ አግዳሚው አይበቃም። የኦፓል ቦታ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው ጫፍ ነው። ባሏን በቀበረች በሳምንቱ እዚያ ተቀምጣ ነበር። ማንም ሊያጽናናት አልሞከረም፤ ከፔርሙዙ ቡና ቀዱላትና ከሷ ጋር ሰማይ ሰማይ ሲያዩ አረፈዱ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ያልሰጣትን ነገር እዚያ ታገኝ ነበር፤ ይህንን ለቄሱ አልነገረችም እንጂ።

አባቷ ለማድፈጫው ያወጣው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ሰደፍ የሌለው ጠመንጃ አይገባበትም። ትከሻ ላይ ያልተደገፈ አጭር ጠመንጃ የእጅ አንጓ ጥምዝ ባለ ቁጥር ወደ ጎረቤት ጆሮ ይዞራል። ሰደፍ ያለው ግን ሰውዬው መላ አካሉን ካላዞረ አይዞርም። ሮይስ ይህን ሕግ የተማረው ገና ስሙን መጻፍ ሳይችል ነው።

ነገሩ ሲመጣላት እጇ እንጨቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሮይስ፣ ይኼን እጀታ ካስገጠምኩ እኮ ማድፈጫው ውስጥ አልገባም።»

«ኧረ እሱ እንኳ...» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እሱ እንኳ ምን?»

ጋሼ ኸርሼል ምንም ብረት ያልያዘውን የብረት ማሰሪያ ሞርሳቸውን ያጠብቁ ጀመር። ኦፓል የወንድሟን ጀርባ አየች፤ የሽማግሌውን እጅ አየች። ሁለቱም የሚያውቁት፣ እሷ ግን የማታውቀው ነገር ክፍሉ ውስጥ መቆሙ ገባት።

«ዳር ዳር አትበል። እንቅጩን ንገረኝ።»

«ቦታው...» አለ ሮይስ፤ አሁንም ለመስኮቱ ነው የሚናገረው። «ቦታው ለትሬንት ተሰጥቷል።»

ትሬንት የሮይስ ልጅ የሻኖን ባል ነው። ሜምፊስ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ዳክዬ የሚያውቀው በሳህን ላይ ነው።

«ማን ሰጠው?»

«የማድፈጫው አባላት ናቸዋ። ነሐሴ ላይ፣ ዓሣ በጠበስንበት ቀን። ሁሉም እጁን አወጣ።»

«የኔን ቦታ፣ እኔ በሌለሁበት?»

ሮይስ ዞረ። አንገቱ ቲማቲም መስሏል። «አንቺ... በቃኝ ብላለች አልኳቸው። በሷ ፈቃድ ነው አልኩ። እንደዚያ ካልሆነ እሺ አይሉማ!»

ኦፓል ያንን ቀን ታስታውሰዋለች። የሕመም ማስታገሻው አዙሯት ከአልጋ አልወረደችም ነበር። አመሻሹ ላይ ሮይስ የተጠበሰ ዓሣ በፎይል ሸፍኖ አመጣላት፤ ትራሷን ደገፍ አድርጎ አጎረሳት። ሁሉም ሰላም ብለውሻል አላት። እሷም ጣቷን እየላሰች አመስግናዋለች።

«ጋሼ ኸርሼል፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«ትሬንት ባለፈው ሳምንት ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሰደፉን በልኩ አሳጠርኩለት» አሉ ሽማግሌው። «ኦፓል ለቀቀችልኝ ሲለኝ አመንኩት። ገርሞኝ ነበር ልጄ፤ ግን አመንኩት።»

«ሰደፍ ነው የተሠራለት?» አለች ኦፓል። ወደ ወንድሟ ዞረች። «ለሱ ሰደፍ፣ ለኔ እጀታ። ቤቷ ቁጭ ብላ በር ትጠብቅ ነው?»

«እንዲህ አታድርጊው እትዬ። ሻኖን ካገባች ወዲህ የገናን ዕለት ብቻ ነው የማያት። እሱ እዚህ ቦታ ካለው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ልጆቹንም ይዘው። ጠልቼሽ መሰለሽ?»

«ብትጠላኝ ጥሩ ነበር። ጠላት እኮ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። አንተ ቦታዬን ሰጥተህ ስታበቃ፣ ግድግዳ ሥር ቆመህ በርቺ ትለኝ ነበር። ለምኑ ነው የምበረታው ሮይስ? ለምኑ?»

ከዳት፤ ሌላ ስም የለውም። አፍንጫውን እየጠረገች ያሳደገችው ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ስትሞት ሱሪውን የጠቀመችለት እሷ ናት። ከሰው ሁሉ መርጣ ጀርባዋን የሰጠችው ለሱ ነበር። ኦፓል ማልቀስ አማራት፤ እሱ ፊት ግን አታለቅስም።

ጋሼ ኸርሼል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ጠመንጃው የቱን ይልበስ?»

ኦፓል መልስ በመስጠት ፋንታ የእንጨቱን ሰደፍ ከብረቱ ጋር ለጊዜው እንዲያስሩላት ጠየቀች። አሰሩላት። አንስታ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ደገፈችው። ገና አልተተኮሰም፤ ክብደቱ ብቻ አጥንቷ ውስጥ መርፌ ሰካ፤ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ወፍራም ጎማ ቢለጠፍበትስ ብላ ስታልም የከረመችው ሁሉ ከንቱ ነበር። ያ ትከሻ የጠመንጃ ርግጫ ዳግመኛ አይችልም።

«አየሽ?» አለ ሮይስ፣ በርኅራኄ። ርኅራኄው ከክህደቱ ይልቅ አንገበገባት።

ጠመንጃውን ዝቅ አደረገች። ትንሽ ተነፈሰችና ወደ ግራ ትከሻዋ አዛወረችው። ስታነሳው ሁሉ ነገር ተሳሳተባት፤ የትኛው እጅ ከፊት እንደሚሆን ግራ ገባት፤ ጉንጯ ማረፊያ አጣ። ግን አላመማትም።

«ለግራ ይሥሩልኝ።»

ሽማግሌው አፈጠጡባት። «ዕድሜሽን ሙሉ በቀኝ ተኩሰሽ? የግራ ሰደፍ ሌላ ነው፤ ወደዚያኛው ጎን ይጎብጣል። አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም።»

«አውቃለሁ።»

«የት ልትተኩሺበት ነው?» አለ ሮይስ። «ቦታ የለሽም እኮ!»

«ከግድቡ በታች ያለው ውሃ የሕዝብ ነው። ቀድሞ የደረሰ ይቆምበታል።»

«እዚያ? ከማንም ወሮበላ ጋር ጭቃ ውስጥ? አባባ ቢሰማ...»

«አባባን ከአፍህ አውጣ!»

ጋሼ ኸርሼል የታሰረውን እንጨት ፈትተው፣ ከመደርደሪያው ብሎን ያለውን፣ ወደ ላይም ወደ ጎንም የሚሸሸውን የመለኪያ ሰደፍ አውርደው ከብረቱ ጋር ገጠሙት። የዳክዬ ጠመንጃ ከኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ራሱ ነው። ዓይን ከብረቱ መሃል ፈቀቅ ካለ ጥይቱም አብሮ ይስታል። ስለዚህ አንድ ሰው ከአፈሙዙ ፊት ቆሞ የተኳሹን ዓይን ማየት አለበት።

«ከፊት አንተ ቁም ሮይስ» አሉ። «የኔ ዓይን ደመና ለብሷል። እኔ ከኋላ ሆኜ ብሎኑን ላዙር።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?»

ሽማግሌው የጠመንጃውን ሆድ ከፍተው ጣታቸውን ከተቱ፤ ባዶ ነው። ሮይስም እንዲከት አደረጉት። ከዚያ ሄዶ በሩ አጠገብ ቆመ። ኦፓል እንደታዘዘችው ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፍና ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻዋ አነሳች፤ ጉንጯን አሳረፈች፤ ግራ ዓይኗን ገለጠች። በብረቱ ጫፍ ላይ የወንድሟ ፊት ተቀምጧል። ሮይስ አፈሙዙን አየ፤ ጆሮዋን አየ፤ ኮፍያዋን አየ።

«መሃል ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

መሃል አልነበረም። ብረቱ ገደድ ብሎ ለራሷ ይታያታል። ነሐሴ ላይም እንዲህ ብሎ እንደሚሆን ገባት፤ ቶሎ ብሎ፣ ነገሩ እንዲያልቅለት ብቻ።

«አላየኸኝም» አለችው።

«አየሁ እንጂ።»

«ጋሼ የሚቆርጡት አንተ ባልከው ነው። እየኝ።»

ጠመንጃው ክንዷን ማድከም ጀምሯል። ሽማግሌው ክርኗን ሊደግፉ እጃቸውን ሲዘረጉ «ይተዉኝ» አለቻቸው። ሮይስ እያመነታ ዓይኑን በብረቱ ላይ አምጥቶ ከዓይኗ ጋር አጋጠመው። በጋውን ሙሉ አብሯት ሲውል እንዲህ አይቷት አያውቅም። ዓይኑን ሊሰብር ፈልጎ አልቻለም። እሷ አልሰበረችለትም።

«መሃል አይደለም» አለ። «ዓይንሽ ከብረቱ ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሏል። ብዙ ነው።»

ጋሼ ኸርሼል ብሎኑን አዞሩ።

«አሁንስ?» አለች ኦፓል።