ሊጥ የነካው ልጓም

ዓለምነው ሊጥ ሲያቦካ በር ይዘጋል። ሌላውን የቤት ሥራ ከሞላ ጎደል ለምዶታል፤ ልብስ አጥቦ ያሰጣል፣ ድንች ይልጣል፣ ወለል ይጠርጋል፣ ሽሮውማ ከሚስቱ ሽሮ ይበልጣል ይባላል። ባይዋ ልጁ እንቁ ናት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ ለማንም አታዳላም። ሊጡ ግን ሌላ ነገር ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ቡሃቃ ላይ ያጎነበሰ ወንድ እንጅባራ ውስጥ ማን አይቶ ያውቃል? ያየ ቢኖር እንኳ ያየው ራሱን ነው፤ አያወራም። ስለዚህ ዓለምነው መጀመሪያ መቀርቀሪያውን ይወረውራል፣ ዱቄቱ ላይ ውሃ የሚያፈሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራበት የነበረው ወርክሾፕ ከተዘጋ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሚስቱ ፍቅርአዲስ አስተማሪ ናት፤ ቤቱ የቆመው በእሷ ደመወዝ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ እሱ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ይውላል፣ እሷ ስታስተምር ውላ መጥታ ማጀት ትገባለች፣ ሲደክማት እንጀራው ከሱቅ ይገዛል፣ ደመወዙም ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። አንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ቁጭ አለችና፣ «ዓለምነው፣ እኔ ውጭውን ይዣለሁ፤ ውስጡን አንተ ያዝልኝ። ሁለቱንም ከያዝኩ አንዱ ከእጄ ይወድቃል» አለችው።

ያዘ። ከዚያ ወዲህ እንጀራ ከሱቅ አይገዛም። ባጃጅ ለታመመ ሰው ካልሆነ አይሳፈሩም። ድንች ርካሽ በሆነበት ሰሞን ከጥሊሊ በጆንያ ይመጣና ከመንገድ ማዶ ሱቅ ካላት ከሀሊሜ ጋር እኩል ይካፈሉታል። የእንቁ ዩኒፎርም ጫፉ እየተተረተረ ይረዝማል፤ ሰሃን ማጠቡ የእሷ ድርሻ ነው፣ የምሽት ወጥ የእናቷ ነው። አሁን ደመወዙ ወር ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ዓለምነውም እውነቱን ተናገር ቢባል ሥራውን አልጠላውም። የጠላው መታየቱን ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ በአባቱ መታየቱን።

አባቱ አቶ በዛብህ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሰባ ዓመት ቢያልፋቸውም ፈረስ ላይ ሲወጡ ደጋፊ አይፈልጉም። ሲወርዱ ግን ልጓም ያዥ ይፈልጋሉ። ጉልበት አንሷቸው አይደለም፤ ወግ ነው። ትልቅ ሰው በፈረስ ደጅ ሲደርስ የቤቱ ወንድ ወጥቶ ልጓም ይይዛል። ልጓም ያልተያዘለት «ግባ» አልተባለም፤ «ግባ» ያልተባለ ደግሞ ከፈረሱ አይወርድም። ዓለምነው ይህን የተማረው ሱሪ መታጠቅ ከመልመዱ በፊት ነው።

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ፍቅርአዲስ እንቁን አስከትላ ለድንች ጥሊሊ ሄደች። ዓለምነው በሩን ዘግቶ፣ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ እንዳለ፣ የፈረስ ኮቴ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ።

«ቤቶች!»

የአባቱ ድምፅ ነው። እጁን ከሊጡ መዘዘ፤ ሊጡ ግን አልለቀው አለና ከጣቶቹ ላይ ተንጠለጠለ። ውሃው ጀሪካን ውስጥ ነው፣ የጀሪካኑ ክዳን ደግሞ ጠብቋል። በየትኛው እጁ ይክፈተው?

«ቤቶች! ዓለምነው!»

ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመደ። እዚያ ላይ አምና በአንድ ሰርግ አባቱ ያሉት ትዝ አለው። ሚስቱ ስትወልድ ገንፎ ስላገነፋ አንድ ጎረቤት ሲወራ፣ «እንግዲህ ቀሚሷን ታውሰዋ!» ብለው ድንኳኑን በሳቅ ገድለውት ነበር። ዓለምነውም አብሮ ስቋል። አሁን ያ ሳቅ መጥቶ እግሩን ያዘው።

ሦስተኛ ጊዜ ተጠራ። በሦስተኛው ጥሪ ያልወጣ ሰው ወይ ቤት የለም፣ ወይ ጠሪውን ንቋል። ዓለምነው ቤት እንደሌለ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ፈረሱ ፉርር አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ኮቴው እየራቀ ሄደ። እሱም እፎይ አለ። የሚያሳፍረው ይኸው ነው፤ አባቱ ስለሄዱለት እፎይ አለ።

እፎይታው እጁን ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ እንኳ አልቆየለትም። ሀሊሜ ከሱቋ ብቅ ብላ፣ «ውይ! ቤት ነበርክ እንዴ?» አለችው። «አባትህ እኮ እዚህ ቆመው ነበር። ‹ጫማው ደጅ ላይ ነው፣ በሩም የተቀረቀረው ከውስጥ ነው› አሉኝ። አረፍ ይበሉ ብላቸው እንቢ አሉ። ጋቢያቸው ስር ባለ ክዳን ጣሳ ሸጉጠዋል፤ ማር ሳያመጡላችሁ አይቀሩም።»

ጫማው! ዓለምነው ደጁን ዞር ብሎ አየ። ሁለቱ ጫማዎች እንደ ምስክር ጎን ለጎን ቆመዋል።

ወዲያው ደወለ። አባቱ እንደ ወትሮው ቢሆን ስልኩ ገና ሲጠራ ነው የሚያነሱት፤ ዛሬ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው። ያን ጊዜ ከማሩም የባሰ ነገር ታሰበው። እናቱ ወይዘሮ ውዴ በመስከረም መጨረሻ አንሸራቷቸው ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል፤ ወጌሻ አስሮላቸው በቤት ነው ያሉት። «ማን ያግዛችኋል?» ባለ ቁጥር አባቱ «ሰው አለ» ይሉታል። ብሶባቸው ቢሆንስ? አባቱ ለእርዳታ መጥተው እሱ በር ዘግቶባቸው ቢሆንስ?

ፍቅርአዲስ ድንቹን አስጭና ስትመለስ ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልደውልላቸው፣ ካላነሱ ሰኞ ሄደህ ንገራቸዋ።»

«ምን ብዬ?»

«ሊጥ እያቦካሁ ነበር ብለህ ነዋ።»

«ሞቼ ነው!»

«እጅህ ላይ የነበረው ሊጥ ነው እንጂ የሰው ደም አይደለም» አለችው። «ስማኝ፤ ያለህ ሁለት ነው። ወይ አባቱን የናቀ ልጅ ነህ፣ ወይ ሊጥ የሚያቦካ ባል ነህ። የቱን ይስሙ?»

ዓለምነው የአባት እርግማን ለልጅ ልጅ ይተርፋል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ነው። እሑድንም ስልክ ሲደውሉ ዋሉ፤ የሚያነሳ አልተገኘም።

ሰኞ ማለዳ ፍቅርአዲስ ቅዳሜ ያቦካውን፣ እሑድን አሳልፎ ጎሕ ሳይቀድ የጋገረውን እንጀራ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። በእግሩ መንገድ ጀመረ። መንገዱን ሙሉ የሚያወራው ከራሱ ጋር ነበር። ጆሮዬን አሞኝ ነበር ልበል? ተኝቼ ነበር ልበል? ጎልማሳ ሰው በጠራራ ፀሐይ ተኝቶ ነበር ከሚባልስ ሊጡ ሳይሻል አይቀርም። እንዲህ እያለ የአባቱ ግቢ ደረሰ።

ፈረሱ ከባሕር ዛፉ ስር ታስሯል። ከቤቱ ክዳን ጭስ ይወጣል። ሰው አለ ማለት ነው።

«ቤቶች!»

ዝም። ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተንቃጨለ፣ ከዚያ ጭራሽ ፀጥ አለ።

«ቤቶች! አባዬ!»

ዝም። በሩን ገፋ አደረገው፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። እንግዲህ ብድሩ ተመለሰልኝ አለ በልቡ። ሦስተኛውን ሊጣራ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው፤ ሦስተኛውን ጠርቶ ካልተመለሰለት ነገሩ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ልጅም አባትም የለም። ጥሪውን እንደ መጨረሻ ጥይት ቆጠበውና ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ መናገር ጀመረ።

«አባዬ፣ ሦስተኛውን አልጠራም። እፈራለሁ። ቅዳሜ ቤት ነበርኩ፤ ጫማዬን አይተዋል፣ አልዋሽዎትም። ንቄዎት አይደለም። ሊጥ እያቦካሁ ነበር። ቤቱን የምታኖረው ፍቅርአዲስ ናት፣ እኔ እንጀራውን እጋግራለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ። ዓመት አለፈኝ። እጄን እንዳያዩ አፍሬ ነው የተደበቅኩት። ከፈለጉ ይሳቁብኝ፤ እርግማንዎን ግን አልችለውም።»

ከውስጥ አንድ ሳቅ ፈነዳ፤ የእናቱ ሳቅ ነው፣ ጤነኛ፣ ከአንጀት የወጣ ሳቅ።

«ኧረ ይክፈቱለት እርስዎ ሰውዬ! እኔ አፌን ይዤ ልሞት ነው!»

መቀርቀሪያው ተንሸራተተ። አቶ በዛብህ ደፍ ላይ ቆመዋል። ግንባራቸው ላይ ዱቄት አለ፤ ነጠላ ወገባቸው ላይ አሸርጠዋል፤ ሁለት እጃቸው እስከ ክርናቸው ሊጥ ነው። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ከትከሻው በላይ ወደ ጎረቤት አጥር አዩ፣ ከዚያ በአገውኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙና፣

«ግባና ዝጋው፤ ሰው ያያል» አሉት።

ዓለምነው ገብቶ ዘጋው። ዘግቶም መቆም አቃተው፤ መደቡ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ሳቀ።

ታሪኩን የነገሩት ወይዘሮ ውዴ ናቸው፤ ባላቸውማ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረዋል። የጎረቤት ሴቶች ሦስት ሳምንት ረድተዋቸው ነበር። ከዚያ የገብስ አጨዳ ደረሰ፤ ሁሉም ወደ ማሳው ሄደ። አቶ በዛብህ ለጠየቃቸው ሁሉ «ሰው አለ» ሲሉ ሰውየው ራሳቸው ነበሩ። «እውነት ለመናገር ችለውት ነበር» አሉ ወይዘሮ ውዴ። «ግን ባለፈው ሳምንት ቡሃቃው ቆሽሿል ብለው በአመድ ፈትገው አጠቡልኝ። ከታች የተኛውን ቢጫ ውሃ ደፉት! እርሾዬን! ከሰርጌ ጀምሮ ሲቀጣጠል የኖረ እርሾ!»

«ውሃ መስሎኝ ነዋ» አሉ አቶ በዛብህ ወደ ምድጃው።

«ከዚያ ወዲህ የሚጋገረውን ነገር ተመልከተው፤ እንጀራ እንዳትለው ቂጣ፣ ቂጣ እንዳትለው እንጀራ። ከጎረቤት እርሾ ልዋስ ስል ‹ማን ሊጋግር ነው?› ይሉሻል ብለው ከለከሉኝ። እርሾ ፍለጋ ምራታቸው ዘንድ በፈረስ የሄዱ ጀግና እርስዎ ብቻ ነዎት!»

ዓለምነው ጣሳዋን ከግድግዳው ስር አያት። ባዶ ናት፤ የማር ጠብታ ነክቷት አያውቅም።

«ስልኩን ለምን አያነሱም ታዲያ?»

አቶ በዛብህ አሁን ዞሩ። «ተቀይሜ ነዋ። ጫማህን አይቼ ሄድኩ። ሥራ ቢፈታ እኔንም ጠላኝ ብዬ፣ እህል አልወርድ ብሎኝ ነው የሰነበትኩት።» ሊጥ ባለበት ክንዳቸው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ሊጥ መሆኑን ማን ያውቃል!»

ዓለምነው ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም ሊጥ ያለበትን እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው፣ «ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም በሰርጉ ላይ ያልኩትን ይቅር በለኝ» አሉት። እሱ የረሱት መስሎት ነበር፤ ለካ እሳቸውም ሲያስቡበት ከርመዋል።

ከዚያ ጨርቁን ፈታ። አቶ በዛብህ አንዱን እንጀራ አንስተው ወደ በሩ ስንጥቅ ብርሃን ያዙት፤ ዓይኑን እንደ በሬ ገዥ መረመሩ፣ ቆርሰው ቀመሱ።

«ይህ የፍቅርአዲስ እጅ ነው።»

«የእኔ ነው።»

ብዙ አኘኩ። ዋጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አብሲቱን መቼ ነው የምትጨምረው?» ሲሉ ጠየቁት። ዓለምነው በዕድሜው አባቱ አንድ ነገር ሲጠይቁት ይህ የመጀመሪያው ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ አጠገባቸው ተንበረከከ፤ ወይዘሮ ውዴም ከመደቡ ላይ ሁለቱንም እያረሙ ዋሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእንጅባራው ደጅ የፈረስ ኮቴ ሰማ።

«ቤቶች!»

በሩ አልተቀረቀረም ነበር። ዓለምነው በመጀመሪያው ጥሪ ወጣ፤ እንደነበረ፣ እጁ ላይ ሊጥ እንደተንጠለጠለ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ቆመው እያዩ፣ ልጓሙን ያዘ። ጠፍሩ ላይ የአምስት ጣት ሊጥ ተለጠፈ። አቶ በዛብህ ሊጡን አዩ፣ መንገዱን አዩ። ለመውረድ ግን አልቸኮሉም።

ሀሊሜ ከሱቋ ብቅ አለች። «እንደምን አደሩ አባባ! ዛሬስ ማሩን አመጡላቸው?»

ዓለምነው ቀና ብሎ አባቱን አየ። አቶ በዛብህ ጣሳዋን ከጋቢያቸው ስር አወጡ፣ ክዳኗን ከፈቱ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲያያት ገልብጠው አሳዩ።

«ባዶ ናት ልጄ» አሉ፣ ሰርግ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ። «እርሾ ልወስድ ነው የመጣሁት። እኛ ቤት የምጋግረው እኔ ነኝ፤ ያስተማረኝም ይሄ ነው።»

እንዲህ ብለው ከፈረሳቸው ወረዱ። ሀሊሜ ልጓሙን የምታጥቡበት ውሃ ላምጣ ብትል፣ «ተዪው፣ ይድረቅበት» አሏት። አባትና ልጅ ተያይዘው ገቡ፤ በሩም ሳይዘጋ ዋለ።