የማማው ቋንቋ

ትርሲት ሁለት እጆቿን ዘርግታ ከማጭዱ ፊት ስትቆም እናኑ አንድ ጭብጥ ሩዝ ይዛ ልትቆርጥ ጎንበስ ብላ ነበር። መጀመሪያ የጓደኛዋን እግር አየች፤ ቀና ስትል ፊቷን። በወንፈል የመጡት ሌሎች አጫጆችም አንድ በአንድ ቀና አሉ።

ትርሲት ጊዜ አላጠፋችም። በባዶ እጇ አንድ ከባድ ነገር ከመሬት እንደሚነቅል ሰው ሆና በሆዷ አቀፈች፤ ከክብደቱ እንደጎበጠች ዘጠኝ እርምጃ ወደ ራሷ ማሳ ተራመደች፤ አስቀመጠችውና በእግሯ አፈር መለሰችበት። ከዚያ አጫጆቹ የቆሙበትን ሩዝ በመዳፏ ከዳር እስከ ዳር አሳይታ ደረቷን መታች። ድንበሩ ተገፍቷል፣ ይህ የእኔ ነው ማለቷ ነው። ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። ከሌላ ቀበሌ የመጡት አጫጆች እንኳ ገብቷቸው ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቀሉ።

የማሳው ባለቤት ኃይለ ሚካኤል ነዶ ከሚከመርበት እየተጣደፈ መጣ። ዱዳ የምታወራውን ማን አውቆላት ነው ሥራ የምትፈቱት አለ። ማንም መልሶ አላጎነበሰም። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም፤ በጠብ ድንበር ላይ ማጭዱን ያሳረፈ ሰው ነገ ምስክር ተብሎ ይጎተታል።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ነበር። በሁለቱ ማሳዎች መካከል የነበረው የድንበር ድንጋይ አንድ ቀን ዘጠኝ እርምጃ ወደ ትርሲት ተጠግቶ ተገኘ። ኃይለ ሚካኤል ደራሽ ውሃ ያንከባለለው ነው አለ፤ ከልቡም ያመነበት ይመስል ነበር። ትርሲት ብቻዋን ቀበሌ ሄዳ ግማሽ ቀን እጇን ስታንቀሳቅስ ዋለች። ውሃው ይሽሽና ይታያል ብለው መለሷት። በክረምት የፎገራ ሜዳ ድንበሩ ቀርቶ መንገዱም አይታይ፤ እርሷም አምስት ወር ጠበቀች። አረንጓዴው የይዞታ ደብተሯ አልረዳትም። “በምሥራቅ ኃይለ ሚካኤል” ይላል እንጂ ምሥራቁ ከየት እንደሚጀምር አይናገርም።

አሁን ሩዙ ደረሰ፤ ጉዳዩም ሳይወድ በግዱ ደረሰ። ሽማግሌዎች የኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሦስተኛው ቀን በቁሐር ሚካኤል ቀበሌ አዳራሽ ተሰየሙ። ሰብሳቢው መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ከመጀመሪያው ቁርጡን ተናገሩ። ድንጋዩን ውሃ ገፍቶት ከሆነ ሁለቱ መሬቱን እኩል ይካፈሉታል። ሰው ነቅሎት ከሆነ ግን መሬቱም በላዩ ያለው ሩዝም ለትርሲት ይመለሳል፤ የነቀለውም ሰው በሕዝብ ፊት ይታወቃል። ለትርሲት ዘጠኝ እርምጃ ማለት ከመጋቢት እስከ ሰኔ የምትበላው ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ያ ማሳና ሁለት እጆቿ ናቸው።

እነዚያን እጆች እናኑ ከማንም በላይ ታውቃቸዋለች። ትርሲት በሦስት ዓመቷ ትኩሳት ይዟት መስማት አቆመች። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ ሩዙ ወተት ሲይዝ ወፍ ለመጠበቅ በየማማቸው ላይ ይወጡ ነበር። ማማዎቹ ስለሚራራቁ ሌሎቹ ልጆች ጉሮሯቸው እስኪነቃ ሲጠራሩ ግማሹን ነፋስ ይወስድባቸዋል። እናኑና ትርሲት ግን ድምፅ ሳያወጡ የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያሙ ይውላሉ። ቋንቋውን የፈጠረችው ትርሲት ናት፤ እናኑ ተማሪዋ ነበረች። ለሰው ሁሉ ስም አውጥታለች። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ሁለት መዳፍ ተደራርበው አገጭ ሥር ናቸው፤ በመቋሚያቸው ላይ ሲደገፉ። የወረታው ሩዝ ነጋዴ አህመዲን አንዲት ፍሬ በፊት ጥርስ መንከስ ነው፤ ሩዝ የሚፈትነው እንደዚያ ነውና። አህመዲን ይህ ስሙ መሆኑን ካወቀ ወዲህ ትርሲት ሱቁ በገባች ቁጥር ጥርሱን ግጥም አድርጎ ነው ሰላም የሚላት።

መሪጌታ ነገሩ በሐቅ እንዲታይ ብለው መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምር ሰውመሆን የሚባል ወጣት መምህር ከወረታ አስመጥተው ነበር። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወዲህ አልሄድም ብሎት በእግሩ ስለመጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ከትርሲት ፊት ተቀምጦ በጣቶቹ ጠየቃት። ትርሲት ጣቶቹን በትኩረት ተመለከተችና ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሰላም እንዳላት ሁሉ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ከዚያ በራሷ መንገድ አወራችው። አሁን ደግሞ እጅ የነሣው እርሱ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲከባበሩ ቆይተው መምህሩ ላቡን ጠርጎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

“መሪጌታ፣ ይቺ ሴት ቋንቋ አላት። ሙሉ ቋንቋ ነው። እኔ ግን አላውቀውም።”

አዳራሹ አጉረመረመ። እጅ ያው እጅ አይደለም ወይ ተባለ። ሰውመሆን የምልክት ቋንቋ በየአገሩ ለየቅል መሆኑን አስረዳ፤ እንኳን መስማት የተሳነው፣ የሚሰማውም ሰው እጁ በየአገሩ ሌላ ነው ብሎ የራሱን ጉድ አወራቸው። አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ አንድ ፈረንጅ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ በአንድ ጣቱ ሲጠራው፣ እንደ ውሻ ጠራኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ አኩርፎት ዋለ። በማግስቱ እርሱ በተራው ፈረንጁን እንደኛ ወግ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ና ና ቢለው፣ ሰውየው ሂድ የተባለ መስሎት ወደ ኋላው ሲያፈገፍግ ከግድግዳ ተጋጨ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኃይለ ሚካኤልም ሳይቀር። ትርሲት ወደ እናኑ ዞራ ምን ተባለ አለች። እናኑ በአራት እንቅስቃሴ ነገረቻት፤ ትርሲት ከሁሉም ዘግይታ ከሁሉም የበለጠ ሳቀች።

መሪጌታ ይህን አዩ። “አስተርጓሚያችንማ እዚሁ ተቀምጣለች” አሉ። “እናኑ፣ ልጄ፣ ያየሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ትነግሪናለሽ?”

“እነግርዎታለሁ፣ መሪጌታ።”

“በሚካኤል?”

“በሚካኤል።”

ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ። ትርሲት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሀል ወለሉ ላይ ቆመች። ሁለት መዳፏን አንጥፋ ውሃ ያልነካውን ሜዳ አሳየች። ጣቶቿን ከዐይኗ ትይዩ ቀስ አድርጋ ከፈተች፤ ሊነጋጋ ሲል ማለቷ ነው። አራት ጣት አቁማ አንዱን አጠፈች። እናኑም ከሥር ከሥሯ የማማዋ አንድ እግር ተሰብሮባት ልትጠግን መሄዷን ተናገረች። ሰው መጣ። ያ ሰው ግራ ቀኙን ሲያይ የትርሲት አንገት የእርሷ መሆኑ ቀረና የሌላ ሰው፣ የፈራ ሰው አንገት ሆነ። ሰውየው ዶማ አነሣ፤ ቆፈረ፤ ድንጋዩ እንቢ አለው፤ ተቀምጦ አረፈ። ትርሲት ባዶ እጇን ይዛ ስትታገል የክብደቱ ነገር ከሽማግሌዎቹ አንዱን አብሮ አስቃሰተው። ዘጠኙ እርምጃ ሲያልቅ አዳራሹ በሙሉ አብሯት ተነፈሰ።

ሰውመሆን ሊጽፍ ያወጣውን ደብተር ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። እናኑ አፏ ያስተረጉማል እንጂ ልቧ በጓደኛዋ ኮርቶ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ዱዳ ሲሏት የኖረች ሴት አዳራሽ ሙሉ ሰው እንደዚህ ዝም አሰኝታ ስታወራ ማየት ያኮራል። ሊቃውንቱ ቅኔ ሲዘርፉ እንኳ ሰው እንደዚህ ሲያዳምጥ አላየችም።

“ውሃ አይደለም እንግዲህ” አሉ መሪጌታ። “ሰውየው ኃይለ ሚካኤል ነበር?”

እናኑ ጠየቀቻት። ትርሲት ራሷን ነቀነቀች፤ እርሱ አይደለም።

“ታዲያ ማን ነው?”

ትርሲት እዚህ ላይ ቆመች። በሰኔ እናኑ ይህንኑ ስትጠይቃት ፊቷን አዙራ ነበር፤ እናኑም መልኩን ሳትለየው ቀርታ ነው ብላ ተወችው። አሁን ትርሲት በበሩ ወደሚታየው ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አየች፤ ከዚያ ወደ ወለሉ። ሦስት ጣቶቿን ገጥማ አናቷ ላይ ትንሽ ጠጉር እንደያዘ ሰው ወደ ላይ ሳብ አደረገች።

የእናኑ አፍ ሊያስተረጉም ተከፍቶ እንደተከፈተ ቀረ።

ምልክቱ ስም ነው። የእናኑ ታላቅ ወንድም ማረው ልጅ ሳለ ቁንጮ ነበረው፤ የማማ ልጆች እየጎተቱ ያስለቅሱት ነበር። ቁንጮው ከተላጨ ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ ራሱም መላጣ ሆኗል። ትርሲት እጅ ላይ ግን ስሙ እንደዚያው ቀርቷል። ይህን ስም የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ማረው ራሱ እንኳ አያውቀውም፤ እርሱ በዚህ ሰዓት ሜዳው ላይ ነዶ ይከምራል። የኃይለ ሚካኤል መሬት እኩል አራሽ ነው። መሬቱ ዘጠኝ እርምጃ ሲሰፋ የእርሱም ድርሻ ይሰፋል። ይህ ለማንም ትዝ አላለውም።

ሽማግሌዎቹ ግምት ጀመሩ። አንዱ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ነው አለ፤ ሌላው ጥምጥም ነው ሲል መሪጌታ የራሳቸውን ጥምጥም ነክተው ሳቁ። ሰውመሆን ምልክቱን በራሱ አናት ላይ ሞክሮት እንደማያውቀው ተናገረ። ሁሉም ወደ እናኑ ዞሩ።

እናኑ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቷ ነው። በሬ የላትም። ማሳዋን የሚያርስላት ማረው ነው፤ አባታቸው ሲሞት ያሳደጋትም፣ የዳራትም እርሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አገር ይመሰክርለታል። ዘጠኝ እርምጃ ግን ደጉንም ሰው ታሳስታለች። ስሙን ብትጠራው ለመጪው ሰኔ ማን እንደሚያርስላት አታውቅም፤ በበሩስ በየት በኩል ታልፋለች? ዝም ብትል ደግሞ ምስክርነቱ ስም የለውም ተብሎ ይወድቃል፤ መሬቱም ለሁለት ይከፈላል።



ትርሲት ፊቷን አነበበች። ፊት ማንበብ ለእርሷ የዕለት እንጀራዋ ነው። ወደ እናኑ አንድ እርምጃ ቀረበችና ሁለት መዳፎቿን ሁለት ጊዜ አራገፈች። ከዚያ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አሳርፋ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች። ይቅርብኝ፣ ተይው፣ አንቺን ከሚያስጨንቅሽ። በሰኔ ፊቷን ያዞረችው መልኩን ሳትለይ ቀርታ እንዳልነበር እናኑ አሁን ገባት።  እንዲህ ያለ ወዳጅ በምድር ላይ ለስንት ሰው ይሰጠዋል?

“አሁንስ ምን አለች?” አሉ መሪጌታ።

መልሱ ቀላል ነበር። “ይቅርብኝ አለች” ብትል ውሸት አይደለም፤ አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም። ሚካኤልም የሚጠይቃት ነገር አይኖርም። ሰዉም ደስ ብሎት ወደ አጨዳው ይመለሳል።

እናኑ ከአግዳሚው ተነሣች። እጆቿን ትርሲት በደንብ እንድታያቸው ከደረቷ ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ከዚህ በኋላ የምትናገረውን በአፏም በእጇም ለመናገር ቆርጣ ነበር።

“ይቅርብኝ ነው ያለችኝ፣ መሪጌታ። ለእኔ አዝና ነው። ከዚያ በፊት ያለችው ግን የሰው ስም ነው።” ሦስት ጣቶቿን ገጥማ አናቷ ላይ አደረገች። ትርሲት አትበይ እያለች እጇን ልትይዛት ስትዘረጋ ዞር አለችባት፤ ክንዷን ግን አላወረደችውም። “ቁንጮ። የእኔ ወንድም የማረው ስም ነው።”